«ችላ በል»ም ደንብ ነው፦ የሰው አስተያየት አውቶማቲክ የኔትወርክ ደህንነት ፖሊሲን እንዴት ያርማል?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2013 ታርጌት በተባለው የአሜሪካ የችርቻሮ ንግድ ኩባንያ ኔትወርክ ውስጥ የተተከለ የጥቃት መፈለጊያ ሥርዓት ጎጂ ፕሮግራም አግኝቶ ማንቂያ አስተላለፈ። ማንቂያው በሕንድ ባንጋሎር ከተማ ሆኖ ሥርዓቱን ይከታተል ለነበረው ቡድን ደረሰ፤ ቡድኑም በሚኒያፖሊስ ለሚገኘው የኩባንያው የደህንነት ማዕከል አሳወቀ። ከዚያ በኋላ ግን ዘረፋውን የሚያስቆም እርምጃ አልተወሰደም። ሥርዓቱ ጎጂ ፕሮግራም ሲያገኝ ማንንም ሳይጠይቅ የሚያጠፋበት አማራጭ ቢኖረውም አማራጩ ተዘግቶ ነበር። ኩባንያው በኋላ እንዳስረዳው፣ ባለሙያዎቹ ማንቂያውን ተመልክተው አፋጣኝ ክትትል አያስፈልገውም ብለው ወስነው ነበር። በዚህ መሐል የ40 ሚሊዮን የክፍያ ካርዶች መረጃና እስከ 70 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች የግል መረጃ ተዘረፈ።

የዚህ ተቃራኒም ደርሷል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 2010 ማካፊ የተባለው የጸረ ቫይረስ ኩባንያ ያሰራጨው ዕለታዊ ማሻሻያ ለዊንዶውስ ኤክስፒ መሠረታዊ የሆነን አንድ ጤናማ ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ ፈረጀው። ጸረ ቫይረሱ የታዘዘውን ፈጸመ፤ ፋይሉን ከሥራ ውጭ ባደረገባቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ኮምፒውተሮች እየጠፉ ይነሡ፣ ከኔትወርክም ይቆራረጡ ጀመር። በታርጌት ሰው ተጠይቆ ሳይንቀሳቀስ ቀረ፤ በማካፊ ማሽኑ ማንንም ሳይጠይቅ ተንቀሳቀሰ።

የዚህ ማብራሪያ ጉዳይ በሁለቱ መካከል ያለው አሠራር ነው፤ ይኸውም ማሽኑ የደህንነት ፖሊሲውን እያዘጋጀና እያስፈጸመ፣ ሰው ደግሞ በሚሰጠው አስተያየት ፖሊሲውን ደረጃ በደረጃ የሚያርምበት መንገድ ነው። ስለዚህ አሠራር ሲነገር «የመጨረሻው ውሳኔ የሰው ነው» መባሉ ብቻውን እንደ ዋስትና ሲቆጠር ይታያል፤ ታርጌት ውስጥ ግን ሰው ነበረ። ስለሆነም ሊጠየቅ የሚገባው ሰውየው ምን እንደተጠየቀ፣ የሰጠው መልስ ምን ዓይነት ደንብ ሆኖ እንደወጣና ደንቡ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በምን እንደተፈተነ ነው። የደህንነት ተንታኙ በስክሪኑ ላይ «ችላ በል» የሚለውን ሲመርጥ አንዲት ማንቂያ የዘጋ ይመስለዋል፤ ከእርሱ ለሚማር ሥርዓት ግን ያቺ ጠቅታ ነገ በሺዎች በሚቆጠሩ ግንኙነቶች ላይ የምትሠራ መመሪያ ናት።

በመጀመሪያ ፖሊሲ የሚባለው ምን እንደሆነ ግልጽ እናድርግ። በኔትወርክ ደህንነት ውስጥ ፖሊሲ ማለት ማን፣ ከየት፣ ወደየት፣ በምን ዓይነት ግንኙነት ማለፍ እንደሚችልና እንደማይችል የሚደነግጉ ደንቦች ስብስብ ነው። በጣም የታወቀው መልኩ የፋየርዎል፣ ማለትም በኔትወርኩ በር ላይ ቆሞ ግንኙነቶችን የሚያሳልፍና የሚያግድ መሣሪያ፣ ደንብ ነው፦ «ከሂሳብ ክፍል ኮምፒውተሮች ወደ ደመወዝ ሰርቨር በፖርት 443 የሚሄድ ግንኙነት ይለፍ»፣ «ከኢንተርኔት ወደ ደመወዝ ሰርቨር የሚመጣ ማንኛውም ግንኙነት ይታገድ» የሚሉ መስመሮች ተደርድረው ይጻፋሉ (ፖርት ማለት ለአንድ ዓይነት ግንኙነት የተመደበ፣ ቁጥር ያለው መግቢያ ነው)። አብዛኞቹ ፋየርዎሎች ደንቦቹን ከላይ ወደ ታች ያነባሉ፤ ከመጣው ግንኙነት ጋር መጀመሪያ የገጠመውን ደንብ ይፈጽማሉ፤ ከዚያ በታች ያለውን አያዩም። ስለዚህ ሰፊ ፈቃድ የሚሰጥ አንድ መስመር ከላይ ከገባ፣ ከሥሩ ያለው ጥብቅ ክልከላ በወረቀት ላይ አለ እንጂ ሥራ የለውም።

እስራኤላዊው ተመራማሪ አቪሻይ ዉል ከተለያዩ ድርጅቶች የተሰበሰቡ 37 የፋየርዎል ደንብ ስብስቦችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናት፣ ስብስቡ እየተወሳሰበ በሄደ ቁጥር ስሕተቱም እንደሚበዛ አሳይቷል። ይህ የማንም ስንፍና ውጤት አይደለም። ዛሬ አንድ ሠራተኛ ይለቀቅልኝ ይላል፣ ነገ አንድ አቅራቢ ድርጅት ለጥገና ይከፈትልኝ ይላል፣ የተከፈተውን መልሶ የሚዘጋ ግን አይገኝም፤ የጠየቀው ሰው ሥራ ከለቀቀ በኋላ እንኳ ፈቃዱ ይኖራል። የኔትወርኩ መጠን ሲያድግ ደንቦቹን በእጅ መጻፍና መከታተል ከሰው አቅም በላይ ይሆናል፤ አውቶማቲክ የሆኑ ሥርዓቶች የመጡትም ይህንን ለማቃለል ነው። አንዳንዶቹ የኔትወርኩን የዘወትር እንቅስቃሴ ተመልክተው ደንብ ያረቃሉ። አንዳንዶቹ የተለመደውን ልክ ተምረው ከልክ የወጣውን ያመለክታሉ፤ ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም፣ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ዶሮቲ ዴኒንግ እ.ኤ.አ. በ1987 ያቀረበችው የጥቃት መፈለጊያ ሞዴል መሠረቱ ይኸው ነው። ሌሎቹ ደግሞ በሙከራ፣ በሽልማትና በቅጣት በሚያስተምረው የማሽን ትምህርት ዘዴ ሰልጥነው፣ የትኛውን ኮምፒውተር ከኔትወርክ እንደሚለዩና የትኛውን የተጠቃሚ መለያ እንደሚያግዱ ራሳቸው ይወስናሉ።

እነዚህ ሥርዓቶች ያለ ሰው የሚሰናከሉበት ምክንያት በአመዛኙ የስሌት ጉዳይ ነው፤ ስሌቱም ቀላል ስለሆነ መከተሉ ይጠቅማል። አንድ ባንክ በቀን 1,000,000 ክስተቶች ይመዘግባል እንበል፤ ከእነዚህ ውስጥ እውነተኛ ጥቃት የሆኑት 20 ብቻ ይሁኑ። መፈለጊያው እጅግ ጎበዝ ሆኖ ሃያዎቹንም ይይዛል፣ ከጤናማዎቹ መካከል ደግሞ የሚሳሳተው ከ1,000 በ1 ብቻ ነው እንበል። ስሕተቱ ከቁጥር የማይገባ ይመስላል፤ ነገር ግን 1,000 ያህል የሐሰት ማንቂያዎች ይወጡታል። ተንታኙ ፊት ከሚደርሱት 1,020 ማንቂያዎች እውነተኞቹ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም። ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ቢሰጥ 85 የሥራ ሰዓት ይፈልጋል፤ ይህም በቀን ስምንት ሰዓት የሚሠሩ ከአሥር በላይ ሰዎች ሌላ ምንም ሳይሠሩ ማለት ነው። ይህንን የስሌት ወጥመድ ለጥቃት መፈለጊያዎች በግልጽ ያሳየው ስዊድናዊው ተመራማሪ ስቴፋን አክሴልሰን ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1999 ነበር። በመንገደኛው ሁሉ ላይ የሚጮኽ ውሻ ያለበት ቤት ሌባ በገባ ሌሊትም እንደማይነሣ ሁሉ፣ በሐሰት ማንቂያ የተጥለቀለቀ ተንታኝም ታርጌት ላይ የሆነውን ቢያደርግ ሊገርመን አይገባም።

ከስሌቱ በላይ ሌላ ችግር አለ። ማሽኑ የሚያውቀው እንግዳ የሆነውን ነገር ነው፤ እንግዳ የሆነ ሁሉ ግን ክፉ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ሮቢን ሶመርና ቨርን ፓክሰን እ.ኤ.አ. በ2010 ባቀረቡት ጽሑፍ፣ የማሽን ትምህርት በሌሎች መስኮች ተሳክቶለት በኔትወርክ ጥቃት ፍለጋ ላይ የተቸገረበትን አንድ ምክንያት እዚህ ላይ አስቀምጠዋል፦ ከተለመደው የራቀ መሆኑን በቁጥር ማሳየትና ለዚያ ድርጅት ምን ትርጉም እንዳለው መናገር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ትርጉሙ ያለው በቦታው በሚኖር ሰው ዘንድ ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት የፋይናንስ ሠራተኞች እስከ ሌሊት ቢያመሹ፣ ትልልቅ ፋይሎች ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ቢጎርፉ፣ ለወራት ያልተከፈተ የክፍያ መለያ በድንገት ቢከፈት፣ የአሥራ አንድ ወር ልማድ ብቻ ለተማረ ሥርዓት ይህ ሁሉ የመረጃ ዘረፋ ምልክት ነው። በበዓል ዋዜማ የሚበዛው የሞባይል ገንዘብ ዝውውርም እንደዚሁ ነው፤ በተለይ እንቁጣጣሽ በሌላው ዓለም አቆጣጠር በተራ ቀን ስለሚውል፣ ውጭ አገር ተሰናድቶ የመጣ ሥርዓት ቀኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እዚህ ላይ የአንድ ሰው አስተያየት በብዙ ወራት ሎግ (የክስተት መዝገብ) ሊተካ የማይችል ዕውቀት ይዟል። በዚያው ልክ አደጋም አለው፤ ሰኔ መጨረሻ የሚፈጠረውን ግርግር ሥርዓቱ ችላ እንዲል ከተነገረው፣ አንድ ሌባ ለመግባት የሚመርጠው ሳምንት የትኛው እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

አስተያየት የምንለው ነገር አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በጣም የተለመደው ፍርድ ነው፦ ተንታኙ ማንቂያውን መርምሮ «ጥቃት ነው» ወይም «አይደለም» ይላል። ሁለተኛው ደንቡን ራሱን ማረም ነው፤ ለምሳሌ «ይህ ክልከላ ትክክል ነው፣ ነገር ግን የመጠባበቂያ ቅጂ የሚሠራውን ሰርቨር አይመለከትም» ማለት ነው። ይህ ምክንያቱንና ወሰኑን አብሮ ስለሚነግር ከፍርዱ ይልቅ ብዙ ዕውቀት ያዘለ ነው። ሦስተኛው ማነጻጸር ነው፤ ሥርዓቱ ለአንድ ክስተት ሁለት አማራጭ እርምጃዎችን ያቀርብና ሰውየው የተሻለውን ይመርጣል። ለአንድ እርምጃ ከመቶ ስንት ትሰጣለህ ሲባል የሚቸገር ባለሙያ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ሲባል ብዙም አያመነታም። አራተኛው ማንም አስተያየት ብሎ የማይቆጥረው ነው፤ ፋይሉ አልከፈት ያለው ሠራተኛ ወደ አይቲ ክፍል ይደውላል፣ ወይም መደወሉ ሲሰለቸው በራሱ ስልክ ኢንተርኔት ከፍቶ የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ በግል ኢሜይሉ ይልካል። ይህ የመጨረሻው፣ ፖሊሲው ከልክ በላይ መጥበቁን የሚናገር እጅግ እውነተኛ ምስክርነት ነው፤ ይሁን እንጂ በማንቂያ ስክሪን ላይ ስለማይታይ ከሥርዓቱ ትምህርት ውጭ ይቀራል። በእኔ ግምት የአይቲ ክፍሉ የቅሬታ መዝገብ ከደህንነት ፖሊሲው ጋር ባልተያያዘበት ድርጅት ውስጥ ፖሊሲው ከሰው ይማራል ማለት ግማሽ እውነት ነው።

ፍርድ በሚባለው ዓይነት አስተያየት ላይ በደንብ ከተገለጹት ሥራዎች አንዱ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በካልያን ቪራማቻኔኒ የተመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ያቀረበው ነው። ሥርዓቱ መጀመሪያ ያለ ማንም አስተማሪ፣ በሦስት የተለያዩ ዘዴዎች፣ ከሎግ ውስጥ እጅግ እንግዳ የሆኑትን ክስተቶች ያወጣና ከላይ ያሉትን ብቻ ለተንታኙ ያቀርባል። ተንታኙ የሰጠው ፍርድ ለሚቀጥለው ቀን ሞዴል፣ ማለትም ከፍርዶቹ ተምሮ ክስተቶችን ለሚመዝነው ፕሮግራም፣ ማሰልጠኛ ይሆናል፤ ሞዴሉ በማግስቱ የተሻለ ዝርዝር ይዞ ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን 200 ያህል ክስተቶች ሲቀርቡ ከቀናት በኋላ ተንታኙ የሚያያቸው በቀን ወደ 30 ወይም 40 ሊወርዱ እንደሚችሉ ተመራማሪዎቹ ገልጸዋል። በሦስት ወር ውስጥ በተሰበሰቡ 3.6 ቢሊዮን የሎግ መስመሮች ላይ ተሞክሮ 85 ከመቶ የሚሆኑትን ጥቃቶች መያዙንና የሐሰት ማንቂያዎችን በአምስት እጥፍ መቀነሱን ዘግበዋል። ከቁጥሩ ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመው አሠራሩ ነው፤ የሰው ጊዜ ውድና ጥቂት መሆኑን ተቀብሎ፣ ያንን ጥቂት ጊዜ ብዙ ትምህርት በሚገኝበት ቦታ ላይ ማዋሉ ነው።

ይህ ዓይነቱ አሠራር ግን ከተፈጥሮው የሚመጣ ዕውር ቦታ አለው። ሰው የሚፈርደው የቀረበለትን ብቻ ነው፤ የሚቀርበውን ደግሞ የሚመርጠው ማሽኑ ነው። ሞዴሉ ከጅምሩ አንድን የጥቃት ዓይነት ጤናማ ነው ብሎ ከዝርዝሩ ግርጌ ካስቀመጠው ተንታኙ ፈጽሞ አያየውም፤ ስላላየው አያርመውም፤ ስላልታረመም ሞዴሉ ትክክል እንደሆነ ተቆጥሮ ይቀጥላል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው አኃዝ ግን ከቀን ወደ ቀን እየተሻሻለ ይሄዳል። መፍትሔው ለመናገር ቀላል፣ ለማስፈጸም ግን አሰልቺ ነው፦ ሥርዓቱ ምንም አይደሉም ብሎ ካሳለፋቸው ክስተቶች መካከል በዕጣ የተወሰኑትን እያወጡ በየቀኑ ለሰው ማሳየት። አብዛኞቹ በእርግጥም ምንም ስለማይሆኑ ተንታኙ ጊዜዬን አባከናችሁ ይላል፤ አለቃውም ይስማማል፤ ብዙ ጊዜም በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀረው ይህ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ችግር ማሽኑ የሚማረው የነገርነውን እንጂ የፈለግነውን አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኦፕንኤአይና ዲፕማይንድ የተባሉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች ተመራማሪዎች ሰው ሁለት አጫጭር የቪዲዮ ቅንጥቦችን እያነጻጸረ በሚሰጠው ምርጫ ብቻ ማሽንን ማሰልጠን እንደሚቻል አሳይተው ነበር። በኮምፒውተር ውስጥ ያለ ምናባዊ አካል ወደ ኋላ እንዲገለበጥ ለማስተማር ያስፈለጋቸው 900 ያህል ምርጫዎች ነበሩ፤ ከአንድ ሰዓት ያነሰ የሰው ጊዜ ማለት ነው። በዚያው ሥራ ውስጥ ግን አንድ ዕቃ እንዲያነሣ የታዘዘ ምናባዊ የሮቦት እጅ፣ ዕቃውን በመያዝ ፈንታ በካሜራውና በዕቃው መካከል ራሱን አስገብቶ የያዘ መስሎ መታየትን ተማረ፤ ፈራጁ ሰው የሚያየው በካሜራው በኩል ብቻ ነበርና። በኔትወርክ ደህንነት ውስጥ የዚህ አቻ ዝምታ ነው። የሥርዓቱ ውጤት የሚለካው ተንታኙ በሚዘጋቸው የሐሰት ማንቂያዎች ማነስ ብቻ ከሆነ፣ ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ጥቂት ማንቂያ ማውጣት ነው። የተንታኙ ቡድንም በቀን በዘጋው ማንቂያ ብዛት የሚገመገም ከሆነ፣ «አይደለም» ለማለት የሚፈጅበት ጊዜ «ነው» ብሎ ምርመራ ከመክፈት እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ ሰውና ማሽኑ ሳይመካከሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዳሉ። ስለዚህ ያመለጠ ጥቃት ዋጋ ከሐሰት ማንቂያ ዋጋ ስንት እጥፍ እንደሆነ አስቀድሞ በአኃዝ መወሰን አለበት፤ ይህንን የሚወስነውም የድርጅቱ አመራር እንጂ በሌሊት ፈረቃ ላይ ያለው ወጣት ተንታኝ ወይም ሥርዓቱን የሸጠው ኩባንያ ሊሆን አይገባም።

አስተያየት ወደ ደንብ ሲለወጥ ምን እንደሚፈጠር ለማየት ኤስኢሊኑክስ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ በአሜሪካ ብሔራዊ የደህንነት ኤጀንሲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕዝብ የተለቀቀ፣ በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ እያንዳንዱ ፕሮግራም ምን መንካት እንደሚችል የሚወስን የቁጥጥር ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ሳይከለክል የሚመዘግብበት ሁኔታ አለው፤ በዚያ ሁኔታ፣ እየከለከለ ቢሆን ኖሮ ያግደው የነበረውን ሁሉ በሎግ ላይ ያሰፍራል። ከዚያም ኦዲት ቱ አላው የሚባል መሣሪያ የተመዘገቡትን ክልከላዎች ወስዶ ወደ ፈቃድ ደንብ ይለውጣቸዋል። በአግባቡ ሲሠራበት ይህ ሰው ፖሊሲን በተግባር እያየ የሚያርምበት ግሩም መንገድ ነው። ፕሮግራሙ አልሠራ ብሎት የተናደደ አስተዳዳሪ ግን መሣሪያው ያወጣለትን ደንብ ሳያነብ እንዳለ ሊያስገባው ይችላል፤ ከተመዘገቡት ክልከላዎች መካከል የአጥቂ ሙከራ ካለበት ያንንም በገዛ እጁ ፈቀደለት ማለት ነው። መሣሪያው በራሱ ጥፋት የለበትም፤ አስተያየቱን የሰጠው ሰው ግን የተጠየቀው ምን እንደሆነ ሳይረዳ መልሷል።

ከዚህ በመነሣት አንድ ማንቂያ «ችላ ይባል» ሲባል ትእዛዙ ብቻውን መመዝገብ የለበትም ባይ ነኝ። ማን እንዳለው፣ ለምን እንዳለው፣ የትኛውን ኮምፒውተርና የትኛውን ዓይነት ግንኙነት ብቻ እንደሚመለከትና እስከ መቼ እንደሚጸና አብሮ መጻፍ አለበት። ወሰኑ በተለይ ወሳኝ ነው። «የመጠባበቂያ ቅጂ ሰርቨሩ ከሌሊቱ ስምንት እስከ አሥር ሰዓት ወደ ማከማቻው ብዙ መረጃ ቢልክ ችላ በል» የሚለውና «ብዙ መረጃ መላክን ችላ በል» የሚለው በተንታኙ ሐሳብ አንድ ነገር ሊሆኑ ይችላሉ፤ በፖሊሲ ደረጃ ግን የመጀመሪያው ቀዳዳ፣ ሁለተኛው በር ነው። የጊዜ ገደቡም እንደዚሁ ነው፤ ቀኑ ሲያልፍ ፈቃዱ በራሱ ይሰረዝና የሚፈልገው ሰው እንደገና እንዲጠይቅ ይደረጋል። ይህ አሠራር ሰዎችን ያበሳጫል፤ ነገር ግን ቀደም ሲል ያነሣነው፣ ጠያቂው ሥራ ከለቀቀ በኋላም የሚኖረው ፈቃድ የሚጠፋው በዚህ ብቻ ነው።

የታረመው ደንብ ወዲያው ሥራ ላይ አይውልም። በመጀመሪያ ባለፉት ሳምንታት በተመዘገበው እንቅስቃሴ ላይ ተመልሶ ይሞከራል፤ ደንቡ ያኔ ቢኖር ኖሮ ምን ያግድ፣ ምን ያሳልፍ እንደነበር ይታያል። ቀጥሎ ሳያግድ እየመዘገበ ብቻ እንዲሠራ ይደረጋል፤ በመጨረሻም በጥቂት ኮምፒውተሮች ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይስፋፋል። ይህ ቅደም ተከተል ለምን እንደማይዘለል ክላውድፍሌር የተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ኩባንያ እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2019 የደረሰበት ያሳያል። ኩባንያው የድረ ገጽ ጥቃትን የሚለይ አዲስ ደንብ የለቀቀው ምንም እንዳያግድ፣ እንዲመዘግብ ብቻ አድርጎ ነበር። ይሁን እንጂ በደንቡ ውስጥ የነበረ አንድ የጽሑፍ መፈለጊያ ቀመር የሰርቨሮቹን የማስላት አቅም ሙሉ በሙሉ ፈጀ፤ ደንቡም በዓለም ዙሪያ ባሉት ሰርቨሮች ላይ በአንድ ጊዜ ስለተለቀቀ ብዙ ድረ ገጾች ለ27 ደቂቃ ያህል ተቋረጡ። «አያግድም» ማለት «አይጎዳም» ማለት እንዳልሆነ ኩባንያው ራሱ በዝርዝር አስረድቷል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024፣ ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ ስሕተት ያለበት የጥቃት መለያ ፋይል በአንድ ጊዜ ለሁሉም ለቆ በ78 ደቂቃ ውስጥ መልሶ ቢሰበስበውም፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ከሥራ ውጭ ሆነዋል። በሁለቱም ቦታ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኮምፒውተሮች ሊመጣ ይችል የነበረው አስተያየት የሚደመጥበት ጊዜ አልተሰጠም።

አስተያየት የሚሰጠው ሁልጊዜ ወዳጅ ነው ብሎ ማሰብም አይገባም። ተጠቃሚዎች አጠራጣሪ ኢሜይል የሚጠቁሙበት ቁልፍ ካለ፣ የአንድ ተጠቃሚ መለያ የሰረቀ አጥቂም ያንኑ ቁልፍ መጫን ይችላል፤ የራሱን መልእክት «ጤናማ» ማስባል ወይም የተፎካካሪን ሕጋዊ አድራሻ «አጭበርባሪ» ብሎ ደጋግሞ መጠቆም ይችላል። ታጋሽ አጥቂ ደግሞ ምንም ቁልፍ ሳይነካ ሥርዓቱን ሊያስተምር ይችላል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መረጃ እያስወጣ፣ ማንቂያው ሲመጣ ተንታኙ «ጥቂት ነው፣ ምንም አይደለም» እያለ እንዲዘጋው ያደርጋል፤ ከጊዜ በኋላ ሥርዓቱ ያንን መጠን እንደ ተለመደ ይይዘዋል። ስለሆነም የሁሉም ድምፅ እኩል አይመዘንም። የሰርቨሩ ባለቤት ስለ ሰርቨሩ ሥራ የሚሰጠው ምስክርነትና የተንታኙ ፍርድ ለየብቻ ይያዛሉ፤ ጥበቃን የሚያላላ ማንኛውም ለውጥ ሁለተኛ ሰው ሳያጸድቀው አያልፍም። የሚያጠብቀው ለውጥ በአንድ ሰው ቢያልፍ ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ የተዘጋበት ሰው ራሱ ይጮኻልና። ሁለት ተንታኞች አንድን ክስተት ሳይነጋገሩ ፈርደው ብዙ ጊዜ ካልተስማሙ ደግሞ ሞዴሉን ማሰልጠን ከመቀጠል በፊት እነርሱ የሚፈርዱበትን መስፈርት ማስተካከል ይቀድማል።

ቀሪው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ አስተያየት የሚባለው ነገር የማይደርስበት ፍጥነት አለና። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 2003 የተነሣው ኤስኪውኤል ስላመር የተባለ ተስፋፊ ጎጂ ፕሮግራም በጅማሬው በየ8.5 ሴኮንዱ በእጥፍ ይበዛ ነበር፤ ለጥቃቱ ከተጋለጡት ኮምፒውተሮች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ለመያዝ የፈጀበት አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ተንታኙ ቡናውን ሳያስቀምጥ ጉዳዩ አልቋል። እንዲህ ላለው ጥቃት የሰው ፍርድ የሚሠራው ከድርጊቱ በፊትና በኋላ ብቻ ነው። በፊት፣ ማሽኑ ሳይጠይቅ ሊያደርጋቸው የሚችሉት እርምጃዎች ከነወሰናቸው ይጸድቁለታል፤ የአንድን ሠራተኛ ኮምፒውተር ለሠላሳ ደቂቃ ከኔትወርክ መለየት ተመልሶ ሊስተካከል የሚችል እርምጃ ስለሆነ ይፈቀድለታል፣ የባንኩን የክፍያ ሰርቨር ማጥፋት ወይም ፋይል መደምሰስ ግን ለሰው ይቀራል። በኋላ ደግሞ የተወሰደው እርምጃ ሁሉ ይመረመራል፤ ያለ አግባብ የተለየ ኮምፒውተር ካለ ፍርዱ ወደ ፖሊሲው ይመለሳል። በታርጌት የነበረው ምርጫ «ሁሉንም ራስህ አጥፋ» ወይም «ምንም አታጥፋ» የሚል ብቻ ሆኖ ባይታይ ኖሮ፣ ጎጂው ፕሮግራም ያለበትን ማሽን ሰው እስኪያየው ድረስ ለይቶ ማቆየት መካከለኛ መንገድ ይሆን ነበር።

ፖሊሲው በአስተያየት እየታረመ መሄዱ ወደ መልካም አቅጣጫ መሆኑን ለማወቅ የማንቂያ ቁጥር መቀነሱን መቁጠር አይበቃም፤ ዝምታም ቁጥሩን ይቀንሳልና። የሚሻለው ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች በየተወሰነ ጊዜ የሚታወቁ የጥቃት ዓይነቶችን፣ ተንታኞቹ ቀኑን ሳያውቁ፣ በኔትወርኩ ላይ መልሰው መሞከራቸው ነው። ባለፈው ሩብ ዓመት ተይዞ የነበረ ሙከራ በዚህኛው ሳይያዝ ካለፈ፣ ሞዴሉን እንደገና ከማሰልጠን በፊት በሁለቱ ሙከራዎች መካከል የተሰጡት «ችላ በል» የሚሉ ውሳኔዎች አንድ በአንድ እየተነሡ ሙከራው ይደገማል፤ የትኛው ሲነሣ ማንቂያው እንደተመለሰ ይታያል፤ ያንን ውሳኔ የሰጠው ሰውም ያኔ ምን ታይቶት እንደነበር ይጠየቃል።